«ኢሴ ሰባቴ፣ ኩማኖ ሦስቴ»

ጃፓኖች «ኢሴ ኤ ናናታቢ፣ ኩማኖ ኤ ሳንዶ» ይላሉ። ወደ ኢሴ ሰባት ጊዜ፣ ወደ ኩማኖ ሦስት ጊዜ ማለት ነው። ሁለቱም የሺንቶ እምነት ታላላቅ መቅደሶች ያሉባቸው የጥንት መሳለሚያ ቦታዎች ናቸው። አማኝ የሆነ ሰው አንዴ ሄዶ «ተሳልሜያለሁ» ብሎ አይቀመጥም፤ መመላለሱ በበዛ ቁጥር መልካም ነው፤ የአባባሉ መልእክት ይኸው ነው። «ወደ አታጎ ግን በየወሩ» ብለው የሚጨምሩበትም አሉ። አታጎ ከእሳት አደጋ ይጠብቃል የሚባለው የኪዮቶ ተራራ ነው።

የቁጥሩ ክብደት የሚገባን ጉዞው በእግር እንደነበር ስናስታውስ ነው። ከኤዶ፣ ከዛሬዋ ቶኪዮ፣ ኢሴ ለመድረስ መሄጃው ብቻ 15 ቀን ያህል ይፈጅ ነበር። ለገበሬ ሰባቴ ቀርቶ አንዴውም ሕልም ነው። ስለዚህ የመንደሩ ሰዎች «ኮ» የሚሉት ማኅበር ያቋቁማሉ፤ በየጊዜው ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ዕጣ ያወጣሉ። ዕቁብ የጣለ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ልዩነቱ፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ስለ ሁሉም ሄዶ ይሳለማል፤ የመቅደሱንም ክታብ ለሁሉም ይዞ ይመለሳል። ማኅበር የሌላቸው አሽከሮችና ልጆች ደግሞ ሳያስፈቅዱ ሹልክ ብለው ይጠፋሉ። የእንጨት ጭልፋ ከያዙ የኢሴ መንገደኛ መሆናቸው ይታወቃል፤ የመንገዱ ሰውም ምግብና ሳንቲም ይሰጣቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1830 በጥቂት ወራት ውስጥ የተመመው ሕዝብ ከ4 ሚሊዮን በላይ እንደነበር ይገመታል።

ወደ ኩማኖ የሚወስደው መንገድ ተራራ ለተራራ ነው። ሆኖም ሰው በሰልፍ ይጎርፍበት ስለነበር «የጉንዳን የኩማኖ ጉዞ» የሚል ሌላ አባባል ተርፏል።

ግን ለምን ሰባቴ? የቁጥሩን ምክንያት ልፈታ አልችልም፤ ኢሴ ስደርስ የተሰማኝን ግን ልናገር። መቶ ሜትር የሚሆነውን የኡጂን የእንጨት ድልድይ ተሻገርኩ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ጠጠሩ ከእግር በታች ሲንኳኳ ብቻ ነው። ኢሱዙ ወንዝ ዳር ወርጄ እጄን ታጠብኩ፤ ውሃው አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ግዙፎቹን ዛፎች አልፌ የድንጋዩን ደረጃ ስወጣ ያገኘሁት ነጭ መጋረጃ ነበር። ከደረጃው ወዲያ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። መቅደሱ በአጥር ላይ አጥር ተከልሏል፤ የሚታየው የሣር ክዳኑ ጫፍ ነው። ሁለቴ እጅ መንሳት፣ ሁለቴ ማጨብጨብ፣ አንዴ እጅ መንሳት፤ አለቀ። ከጎኔ የነበሩ መንገደኞች «ይኸው ነው?» በሚል ዓይን ተያዩ፤ እኔም ውስጤ እንደዚያው አለ። በዚያው ቅጽበት ነፋስ መጋረጃውን ከፍ አደረገውና ከወዲያው ጠጠር ብቻ ታየ። አንዲት አሮጊት ግን አጎንብሰው ቆይተው ቀና ሲሉ ጉንጫቸው ረጥቦ ነበር። ስንተኛ ጊዜያቸው ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ከመቅደሱ አጠገብ እኩል ስፋት ያለው ባዶ ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ690 በእቴጌ ጂቶ ዘመን በተጀመረው ሥርዓት መሠረት መቅደሱ በየ20 ዓመቱ ባዶው ቦታ ላይ እንደገና ይሠራል፤ በጦርነት ዘመን ሥርዓቱ ከመቶ ዓመት በላይ ተቋርጦ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተሠራው 62ኛው ነው፤ ቀጣዩ በ2033 ነው። ስለዚህ ሰባቴ የሚመላለስ ሰው ዕድሜ ከሰጠው ያንኑ መቅደስ በአዲስ እንጨት ያገኘዋል። አሮጌው እንጨትም አይጣልም።

ይህን ያወቅሁት ስመለስ ነው። በድልድዩ ጫፍ፣ በመቅደሱ በኩል፣ «ቶሪኢ» የሚሉት ትልቅ የእንጨት በር ቆሟል። የበሩ ዓምዶች እስከ 2013 ድረስ የውስጠኛውን መቅደስ ጣሪያ ተሸክመው የኖሩት ናቸው። ሂኖኪ ከተባለ የጥድ ዘመድ የተጠረቡ ለስላሳ ግንዶች። ከመጋረጃው ወዲያ ሃያ ዓመት የቆመውን እንጨት፣ እኔ ጣሪያውን እንኳ በቅጡ ያላየሁትን፣ በመዳፌ ዳሰስኩት።