የእንግሊዝኛ ጥምር ቅጽልና ጭረት በአዲስ አበባ ጽሑፎች

በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ቃላት ተጣምረው ቀጥሎ የሚመጣውን ስም እንደ አንድ ቃል ሲገልጹ ጥምር ቅጽል ይባላሉ፤ እነዚህን ቃላት የምታያይዘው አጭር መስመር ደግሞ ጭረት ናት። የኮምፒውተር ጽሕፈት ሠራተኞች ብዙውን ጊዜ «ዳሽ» ይሏታል፤ ይሁንና በእንግሊዝኛ ዳሽ ከጭረት የሚረዝምና ሌላ ሥራ ያለው ምልክት ነው። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳና ካዛንቺስ ባሉት ትርጉም ቤቶች፣ ማተሚያ ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች የልደት ምስክር ወረቀት፣ ውል፣ የሥራ ልምድና ሪፖርት ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ስለሚውል፣ ጭረት የት እንደምትገባ መለየት እዚያ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው።

የጭረት ጥቅም ይበልጥ የሚገባው ከአማርኛ ጋር ሲነጻጸር ነው። በአማርኛ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደተጣመረ የሚታወቀው በአመዛኙ «የ» እና «ባለ» ከገቡበት ቦታ ነው። «አዲስ የመኪና ጎማ» ሲባል አዲስ የሆነው ጎማው ነው፤ «የአዲስ መኪና ጎማ» ሲባል ግን መኪናው ነው። እንግሊዝኛ በዚህ ቦታ ምንም ፊደል ስለማይጨምር ሁለቱም «ኒው ካር ታየር» ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ፤ አዲስ የሆነው መኪናው መሆኑን ለማሳየት ጸሐፊው «ኒው-ካር ታየር» ብሎ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት በጭረት ማሰር አለበት። በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጥ ነጋዴ ሱቁን በእንግሊዝኛ «ዩዝድ-ቡክ ሾፕ» ብሎ ቢጽፍ ያገለገሉት መጻሕፍቱ ናቸው፤ ጭረቷ ከወደቀች ያገለገለው ሱቁ ሊመስል ይችላል። እርግጥ ነው፣ ሱቁን የሚያውቅ አላፊ አግዳሚ አይሳሳትም።

ቁጥር ሲገባበት ግን ነገሩ ወደ ገንዘብ ይደርሳል። ለአንድ ጉዳይ ስድሳ ባለ ሁለት ብር ቴምብር ተገዛ እንበል፤ ዋጋው 120 ብር ነው። ተርጓሚው «ሲክስቲ ቱ-ብር ስታምፕስ» ብሎ ጭረቷን በሁለትና በብር መካከል ካስገባት መልእክቱ ሳይዛባ ይተላለፋል። አንድ ቃል ወደ ግራ አሳልፎ «ሲክስቲ-ቱ ብር ስታምፕስ» ካለ ስድሳ ሁለት የብር ቴምብሮች ይሆናሉ፤ ሁለቱንም ቦታ በጭረት ከሞላው ደግሞ እያንዳንዱ ቴምብር ባለ 62 ብር ነው ማለት ነው። ቃላቱና ቅደም ተከተላቸው በሦስቱም አንድ ናቸው። በአማርኛው ይህ ጥያቄ የማይነሳው «ባለ» ቦታውን አስቀድሞ ስለያዘ ነው፤ በእኔ ግምት «ባለ» ባለበት ሁሉ በእንግሊዝኛው ጭረት መፈለግ ለተርጓሚ ከብዙ ሕግ ይልቅ ይጠቅመዋል። ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል «ፋይቭ-ስታር ሆቴል»፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት «ቱ-ቤድሩም አፓርትመንት» ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ጉዳይ የብዙ ቁጥር አመልካቹ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 የተተገበረው የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ በእንግሊዝኛ «ፋይቭ-ይር ፕላን» ይባላል እንጂ «ፋይቭ-ይርስ ፕላን» አይባልም፤ ከስም በፊት ሲገባ የመለኪያው ቃል በነጠላ ይቀራል። አማርኛም «አምስት ዓመት» እንጂ የግድ «አምስት ዓመታት» ስለማይል፣ ስህተቱ የሚመጣው ከአማርኛው ሳይሆን ትምህርት ቤት «ከአንድ በላይ ከሆነ ኤስ ጨምር» ተብሎ ከተጠናው ሕግ ይመስላል።

ጥምሩ ከስሙ በኋላ ሲመጣ ጭረቷ አብዛኛውን ጊዜ ትቀራለች፤ «ዌል-ኖውን ራይተር» የተባለው ደራሲ «ዘ ራይተር ኢዝ ዌል ኖውን» ሲባል ያለ ጭረት ይጻፋል። በ«ሊ» የሚያልቅ ተውሳከ ግስም ራሱ ወደ ቀጣዩ ቃል ስለሚያመለክት ጭረት አይፈልግም። በየኪራይ ማስታወቂያው የሚታየው «ፉሊ ፈርኒሽድ» ስለዚህ በጭረት መታሰር የለበትም። «ፋሚሊ-ኦውንድ ሆቴል» ግን ይታሰራል፤ ፋሚሊ በ«ሊ» ቢያልቅም ስም ነውና። «ሪል እስቴት ኩባንያ» እንደሚባለው በልማድ አንድ የሆኑ ጥንዶችም ስለማያሻሙ ያለ ጭረት ይታለፋሉ።

በሁሉም ጉዳይ ስምምነት የለም። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1906 የታተመው የቺካጎ የአጻጻፍ መመሪያ «አዲስ አበባ» የመሰለ የሁለት ቃል ስም «ቤዝድ» (መቀመጫውን እዚያ ያደረገ) ከሚለው ቃል ጋር ሲጣመር ረዘም ያለውን ዳሽ ያዛል፤ የዜና ወኪሉ የአሶሺየትድ ፕሬስ መመሪያ ግን ተራ ጭረት ይበቃዋል። የአጭሩ ኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው 6ኛ እትሙ 16,000 ከሚሆኑ ቃላት ጭረትን አንሥቷል፤ የተነሣው ግን ባመዛኙ ከስሞች ስለነበር ከስም በፊት ያለውን የጥምር ቅጽል ጭረት አልነካውም።

በሕግ ጽሑፍ ለአዲስ አበባ ተርጓሚ አንድ መጠጊያ አለ። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የሚታተም ሲሆን፣ በ1987 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 3 መሠረት ሁለቱ ቢለያዩ የበላይነት ያለው አማርኛው ነው፤ በእንግሊዝኛው ረድፍ ጭረት ብትወድቅ በአማርኛው ያለው «የ» ይፈታዋል። በሁለት ግለሰቦች መካከል የተጻፈ ውል ግን ተዋዋዮቹ ራሳቸው የትኛው ቋንቋ እንደሚገዛ ካልጻፉ ይህ መጠጊያ የለውም።

ጭረት በተቃራኒው አቅጣጫም ተሻግራለች። «ቤተ-መጻሕፍት»፣ «ሥነ-ጽሑፍ»፣ «መዝገበ-ቃላት» የሚሉ አጻጻፎች በከተማዋ ታፔላዎችና የመጽሐፍ ሽፋኖች ላይ ይታያሉ። ከግእዝ በመጡት በእነዚህ ቃላት የመጀመሪያው ክፍል በግዕዝ (በመጀመሪያው) ሆሄ መጨረሱ ብቻውን ከሚከተለው ጋር ያዛርፈዋል፣ ማለትም ያለ ጭረት ያያይዘዋል፤ «ቤት» የነበረው «ቤተ» የሆነው ለዚሁ ነው። የብራና ጸሐፊዎች ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ ይለያሉ፤ መሥመር አልቆ ቃል ለሁለት ሲቆረጥም ቀሪውን ያለ ምንም ምልክት በሚቀጥለው መሥመር ይጀምራሉ።