ሙቱዋሊዝም፦ ገበያ የማይጠላው ሶሻሊዝም፣ ከጅማ ሲታይ

ሙቱዋሊዝም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ የተወለደ አስተሳሰብ ነው። ከላይ ሆኖ የሚያዝ መንግሥት አይኑር ስለሚል አናርኪዝም ነው። ሠራተኛ የላቡን ዋጋ ሙሉውን ይውሰድ ስለሚል ደግሞ ሶሻሊዝም ነው። ገበያው ግን ይቀጥላል። መግዛትና መሸጥ፣ መፎካከር፣ ዋጋ መከራከር ሁሉም አለ። እንዲቀር የሚፈለገው ሳይሠሩ መብላት ነው፤ ይኸውም ወለድ፣ የመሬት ኪራይና በሰው ድካም የሚገኝ ትርፍ።

ይህን ጅማ ላይ ቡና እየጠጡ ቢያወሩት ሰው ግር ይለዋል። እኛ የምናውቀው ሶሻሊዝም የደርጉን ነው። እህል በኮታ ማስረከብ፣ የኅብረት ሱቅ ወረፋ፣ ነጋዴውን በጎሪጥ ማየት። አናርኪዝም የሚለውን ቃልም "ሥርዓት አልበኝነት" ብለን ተርጉመን ዘግተነዋል። ትርጉሙ ለነገሩ ባለቤቶች አይስማማም። እነሱ የሚሉት ሥርዓት ይኑር፣ አዛዥ አይኑር ነው። እድርን አስቡት። መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ቅጣት አለው፣ ፖሊስ ግን የለውም።

የሐሳቡ አባት ፒየር-ጆሴፍ ፕሩዶን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1809 በዛንሶን በምትባል ከተማ ተወለደ። የድሃ ልጅ ነው፤ ከብት ጠብቋል፤ ኋላም ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆነ። አባቱ ቢራ ጠምቆ የሚሸጥ ሰው ነበር። ወጪውንና የራሱን ደመወዝ ብቻ ደምሮ ይሸጥ ስለነበር ከሰረ። ልጁ ይህን አልረሳም። በ1840 "ንብረት ምንድን ነው?" የሚል መጽሐፍ አወጣና "ንብረት ስርቆት ነው" ብሎ መለሰ። ራሱን በይፋ አናርኪስት ብሎ የጠራ የመጀመሪያው ሰውም እሱ ነው።

አባባሉ ሲሰማ ያስደነግጣል። ግን ፕሩዶን የገበሬውን ማሳ ወይም የአናጢውን መጋዝ ሊነጥቅ አልፈለገም። "ንብረት" እና "ይዞታ" ለእሱ ይለያያሉ። ይዞታ የምትጠቀምበት ነገር ነው፤ የምታርሰው መሬት፣ የምትኖርበት ቤት። ንብረት የሚለው ደግሞ አንተ ሳትደርስበት ሌላው እየሠራበት ገቢ የሚያስገባልህን ነው። ልዩነቱን ለማስረዳት አማርኛ ከብዙ ቋንቋ የተሻለ ይመስለኛል። የኛ ገበሬ ደብተሩ ላይ የተጻፈለት "ይዞታ" የሚል ነውና።

የጅማ ሽማግሌዎች ነገሩን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። ከ1967 ዓ.ም. በፊት ጭሰኛው ካመረተው ላይ ለባለመሬቱ ያካፍል ነበር። ባለመሬቱ ማሳውን ላያየው ይችላል። ያ ድርሻ ነው ፕሩዶን ስርቆት ያለው። የየካቲት 1967ቱ አዋጅ የገጠሩን መሬት ከባለርስቱ ወሰደ፤ ጭሰኝነትም ቀረ። እስከዚህ ፕሩዶን ያጨበጭብ ነበር። ቀጥሎ ግን መሬቱ የሕዝብ ነው ተብሎ መንግሥት እጅ ገባ። አሁንም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ለሙቱዋሊስት ይህ አንዱን ባለርስት በሌላ፣ በበለጠ ትልቅ ባለርስት መተካት ነው።

የሐሳቡ ልብ ያለው ግን ብድር ላይ ነው። እዚህ ላይ የጅማን ቡና ማንሳት ግድ ነው።

ነሐሴ ላይ ቡናው ዛፍ ላይ ገና አረንጓዴ ነው። ጎተራው ባዶ ሆኗል። ልጅ ትምህርት ቤት ሊመዘገብ ነው። ገበሬው ሀብት አለው፤ ብር ግን የለውም። ብር ያለው ነጋዴ ይመጣል። አሁን ብር ይሰጥና ቡናው ሲደርስ ይረከባል፤ ዋጋው ግን የሚቆረጠው ዛሬ፣ ገበሬው በቸገረው ሰዓት ነው። ጥቅምት ገብቶ ቡናው ሲቀላ ዋጋው ሰማይ ቢነካ ለገበሬው ምኑም አይደለም። ያለቀ ነገር ነው።

ፕሩዶን የጠየቀው ይህንን ነው። ቡና ያለው፣ ማር ያለው፣ በርጩማ የሚጠርብ ሰው ሁሉም ዋጋ ያለው ነገር በእጁ ይዞ ለምን ብር ፍለጋ ደጅ ይጠናል? እነዚህ ሰዎች ተሰባስበው የራሳቸውን ባንክ ቢያቋቁሙ፣ ባንኩም በዕቃቸው ዋስትና ሁሉም እንደ ገንዘብ የሚቀበለው ወረቀት ቢያወጣላቸው፣ ወለድ አያስፈልግም አለ። የሚከፈለው የጸሐፊውና የመዝገቡ ወጪ ብቻ ነው። ዊልያም ግሪን የተባለ አሜሪካዊ ይህንኑ በ1850 በዝርዝር ጻፈው፤ ወጪውንም 1 በመቶ ገደማ አደረሰው።

ፕሩዶን ሞክሮታል። በ1848ቱ የፈረንሳይ አብዮት ማግስት የሕዝብ ባንክ የሚል አቋቋመ። ከ13,000 በላይ ሰው፣ አብዛኛው ሠራተኛ፣ ተመዘገበ። ግን ባንኩ ሥራ ሳይጀምር ፕሩዶን ፕሬዚዳንቱን ሉዊ ናፖሊዮንን በጋዜጣ ሰደበ ተብሎ ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ባንኩም በ1849 ተዘጋ። ይሠራ ነበር ወይስ አይሠራም የሚለው ክርክር እስከዛሬ መልስ አላገኘም።

ታዲያ ይሄ እቁብ አይደለም እንዴ? ብዙ ሰው ወዲያው የሚጠይቀው ይህንን ነው። ይቀራረባል፤ አንድ ግን አይደለም። እቁብ ያለውን ብር ያዞራል እንጂ አዲስ ወረቀት አያወጣም። ደግሞ ወለድ የለውም ብንልም ወለዱ በጓሮ በር ይገባል። ዕጣ የወጣለት ሰው ዕጣውን ለቸገረው ሲሸጥ የሚቀበላት ጭማሪ ምን ትባላለች?

ወለድን ስናነሳ ጅማ ውስጥ ሃይማኖትም ይመጣል። ከነዋሪው ብዙው ሙስሊም ነው፤ ወለድ ሐራም ነው። ስለዚህ ከፕሩዶን ጋር እዚህች ነጥብ ላይ የሚገናኝ ሰው ብዙ ነው። መለያየቱ ግን ሩቅ አይደለም። እስልምና የንግድ ትርፍንና የቤት ኪራይን ይፈቅዳል። ሙቱዋሊስቱ ለኪራይም ፊት አይሰጥም።

የሐሳቡ ሌላ ምንጭ አሜሪካ ነው። ጆሳያ ዋረን ሲንሲናቲ ውስጥ በ1827 አንድ ሱቅ ከፈተ። ግድግዳው ላይ ሰዓት ሰቀለ። ዕቃው በመጣበት ዋጋ ይሸጣል፤ ለሱቁ ወጪ ትንሽ ይጨመራል። ገዢው ዋረን እሱን ሲያስተናግድ የፈጀውን ጊዜ በሰዓቱ ያያል። ያን ያህል ጊዜ በራሱ ሙያ ሊሠራለት ወረቀት ፈርሞ ይሰጣል። ጫማ ሰፊ ከሆነ የጫማ ሰፊ ሰዓት። ደንበኛ ቶሎ ይጨርስ ነበር ቢባል አይገርመኝም። ሱቁ በ1830 ሲዘጋ ከስሮ አልነበረም። ዋረን ሐሳቡ እንደሚሠራ አሳይቻለሁ ብሎ ነው የዘጋው።

ይህ ለጅማ ገበሬ ዳዶ ነው። በአማርኛው ወንፈል። ዛሬ አንተ ማሳ ላይ አንድ ቀን፣ ነገ እኔ ማሳ ላይ አንድ ቀን። ቀን በቀን ይቆጠራል። ደቦ ሌላ ነገር ነው። ለደቦ የጠራ ሰው ያበላል ያጠጣል፤ ማን ስንት ሠራ ብሎ የሚቆጥር የለም። አናርኪስቶችም የተጣሉት እዚህ ላይ ነው። ሩሲያዊው ክሮፖትኪን ሥራን መቁጠሩ ራሱ የደመወዝ ሥርዓትን መልሶ ያመጣል አለ። እሱ የደቦ ሰው ነው ማለት ይቻላል፤ ሙቱዋሊስቶቹ የዳዶ።

ማርክስ ደግሞ ከሌላ በኩል መጣ። ፕሩዶን በ1846 ስለ ድህነት ፍልስፍና ሲጽፍ፣ ማርክስ በዓመቱ "የፍልስፍና ድህነት" ብሎ መጽሐፍ ሙሉ ቀለደበት። ክሱ በአጭሩ ይህ ነው፦ ገበያውን ትተህ ክፋቱን ብቻ ልታወጣ አትችልም። በዚህ ማርክስ ትክክል ሊሆን ይችላል። የጅማው የድሮ የሄርማታ ገበያ ምስክር ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከየአቅጣጫው ሰው ይጎርፍ ነበር። አሞሌ ጨው አለ፣ የማሪያ ቴሬዛ ብር አለ፣ ማር አለ። ባሪያም ይሸጥ ነበር። ገበያ ብቻውን ማንንም እኩል አያደርግም። ሙቱዋሊስቶችም ይህን አይክዱም፤ ገበያው ፍትሐዊ የሚሆነው ሁሉም መሬትና ብድር ሲያገኝ ነው ይላሉ።

ፕሩዶንን ለማድነቅ ለሚቸኩል አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ስለ ሴቶችና ስለ አይሁዶች የጻፈው ነውር ነው። ደጋፊዎቹም አያስተባብሉትም።

አሜሪካ ውስጥ ሐሳቡን ያሰፋው ቤንጃሚን ተከር ነው። ከ1881 እስከ 1908 ጋዜጣ አሳተመ። መንግሥት የሚጠብቃቸው አራት ሞኖፖሎች አሉ ይል ነበር፦ የገንዘብ፣ የመሬት፣ የቀረጥና የፈጠራ መብት። በ1908 የመጻሕፍት ክምችቱ በእሳት ወደመ። ተከር ወደ አውሮፓ ሄደ፤ እንቅስቃሴውም ቀዘቀዘ። በ21ኛው ክፍለ ዘመን ኬቨን ካርሰን የተባለ ጸሐፊ መልሶ አነሳው። ካርሰን ትልልቅ ኩባንያዎች የሚገዝፉት መንግሥት መንገድና ሕግ ስለሚያነጥፍላቸው ነው ይላል።

እኔን የሚይዘኝ መንገዱ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጊቤን ቁልቁለት የወረደ ሰው ያንን ያለ መንግሥት ማን ይሠራዋል ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ፕሩዶን ለባቡር ሐዲድ የሰጠው መልስ አለ፦ የሠራተኞች ማኅበር ይሠራዋል፣ ማኅበሩም በፌዴሬሽን ከተያያዙ ከተሞች ጋር ይዋዋላል። ድልድዩ ሲሰነጠቅ ማን ይጠየቃል ለሚለው፣ ሙቱዋሊስቶች ውሉ ላይ የፈረመው ማኅበር ይላሉ።