ግማሹ ባዶ ነው ማለት አላለቀም ማለት አይደለም

"ሰውዬው ሰልችቶት ነው እንዴ የተወው?" በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሮም የተሠራ የፍሬም (የሥዕል ወይም የመስታወት ክፈፍ) ንድፍ ለተማሪዎቼ ባሳየሁ ቁጥር ይህ ጥያቄ አይቀርም። በግራ በኩል ቅጠሉ፣ ዛጎሉ፣ ክንፋሙ ሕፃን ግጥም ብሎ ተስሏል። በቀኝ በኩል ወረቀቱ ባዶ ነው። በቃ፣ "ያልተጠናቀቀ ሥራ" ተብሎ ይታለፋል። ይህን መስማት ታክቶኛል። ንድፉ አልቋል!

የባሮክ (የዚያ ዘመን ጌጠ ብዙ የጥበብ ስልት) ፍሬም አብዛኛውን ጊዜ ግራና ቀኙ አንድ ነው። ጠራቢው ግማሹን ካየ ሌላውን ገልብጦ ይሠራዋል። ታዲያ ለምን ሁለት ጊዜ ይሳላል? ሙሉው ሲፈለግ ወረቀቱን መሃል ላይ አጥፎ ከጀርባው ማሸት ይቻላል። ንድፉ በጠመኔ ከተሳለ መስመሩ ወደ ባዶው ግማሽ ይተላለፋል።

ግራው መልአክ፣ ቀኙ የአበባ ጉንጉን የሆነበት ንድፍም አለ። ይህም ስህተት አይደለም። ሠዓሊው ለደንበኛው ሁለት ምርጫ እያቀረበለት ነው። አንዷ ተማሪዬ ይህን አልቀበልም ብላ ተከራከረችኝ። ትንሽ መስታወት ሰጠኋትና በንድፉ ፎቶ ኮፒ መሃል አቆመችው። መጀመሪያ ፊቱን ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ አዞረችው። ሁለት ሙሉ ፍሬሞች አየች። ከዚያ ወዲህ መስታወት ሳልይዝ ክፍል አልገባም። እናንተም ሞክሩት። ዋናው ንድፍ ላይ ግን በፍጹም እንዳታደርጉት።

መስመሩን ተከትለው የተደረደሩት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ብል የበላቸው አይደሉም። በመርፌ የተወጉ ናቸው። በጨርቅ የተቋጠረ የከሰል ዱቄት ሲመታባቸው ንድፉ ሌላ ገጽ ላይ ያርፋል።

ቡናማው ቀለምም ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ቡናማ አልነበረም። ብረት ያለበት ጥቁር ቀለም በዘመን ብዛት ወደ ቡናማነት ይለወጣል።

ከግርጌ ያለው የተከፋፈለ መስመር መለኪያ እንጂ ጌጥ አይደለም። አንድ የሮማ ፓልሞ፣ የድሮ የርዝመት መለኪያ፣ 22 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው።

"የነደፈው ሰው ራሱ ቀረጸው" የሚለውም ብዙ ያሳስታል። ከኦስትሪያዋ ኢንስብሩክ ሮም የገባውን ዮሃን ፓውል ሾርን እንውሰድ። ፍሬም፣ ሠረገላ፣ የበዓል ማስጌጫ ይነድፍ ነበር። በ1663 እ.ኤ.አ. ሮም ትኖር ለነበረችው መኳንንት ለማሪያ ማንቺኒ የነደፈው አልጋ የባሕር ፈረሶች የሚስቡት ትልቅ ዛጎል ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚነድፈው አንድ፣ እንጨቱን የሚጠርበው ሌላ፣ ወርቁን የሚለብጠው ደግሞ ሌላ ነበር። ንድፉ የሚሳለው ለእነዚህ ባለሙያዎች ነው፤ እነሱ ደግሞ ግማሹ ይበቃቸዋል።