የ13 ዓመት ገደብ ምንድን ነው? ከኛ ካሌንደር ጋርስ ምን አገናኘው?

ቲክቶክም ይሁን ኢንስታግራም፣ ጂሜይልም ይሁን ፌስቡክ፣ አካውንት ስትከፍቱ ገና ከመጀመሪያው የልደት ቀን ይጠይቃችኋል። አብዛኛው ሰው እጁ የደረሰበትን ዓመት ነክቶ ያልፋል። ግን ከዛ በኋላ አፑ ልጁን እንደ ልጅ ይያዘው ወይስ እንደ ትልቅ ሰው የሚለው ነገር በአብዛኛው እዚች ቦታ ላይ ነው የሚወሰነው፣ ማን ሜሴጅ ሊልክለት እንደሚችል፣ ቪዲዮው ለማን እንደሚታይ፣ ላይቭ መግባት መቻል አለመቻሉ፣ ማታ ተኝቶ ኖቲፊኬሽን ይቀስቅሰው አይቀስቅሰው፣ ሁሉም።

የ13 ዓመት ገደብ የሚባለው እንግዲህ ድርጅቶቹ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ራሱ አካውንት መክፈት አይችልም የሚሉት ደንብ ነው። ከ13 እስከ 18 ያለው ደሞ መክፈት ይችላል ግን የልጅ አካውንት ነው የሚሰጡት፣ መከላከያ የተደረገበት። ይሄኛውን ክፍል ብዙ ወላጅ አያውቀውም፣ እኔ ደሞ ከገደቡ ራሱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው፣ ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

ለምን ግን 13? ድሬዳዋ ውስጥ ከወላጆች ጋር ስናወራ ብዙዎቹ የሚመስላቸው ሀኪሞች ወይ የስነ ልቦና ባለሙያዎች አጥንተው ልጅ 13 ሲሞላው ይበስላል ብለው ያወጡት ነው። አይደለም። 13 በድርድር የተገኘ ቁጥር ነው።

ነገሩ የጀመረው አሜሪካ ነው (ከዚህ በታች ያለውን ታሪክ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምፅፈው)። ካትሪን ሞንትጎመሪ የምትባል የሚዲያ ምሁር በ1991 ከጄፍ ቼስተር ጋር ሆና ዋሽንግተን ላይ ሴንተር ፎር ሚዲያ ኤጁኬሽን የሚባል ድርጅት አቋቋመች። መጀመሪያ የታገለችው ከቴሌቪዥን ጋር ነበር፣ ጣቢያዎች ለልጆች ትምህርት የሚሰጥ ፕሮግራም በሳምንት 3 ሰዓት እንዲያሳዩ የሚለው መመሪያ በ1996 ሲወጣ ከኋላ ሆነው ከገፉት አንዷ እሷ ናት። እዛው ዓመት ላይ ፊቷን ወደ ኢንተርኔት አዞረች። ያኔ ኢንተርኔት ገና አዲስ ነው፣ ሰው ሁሉ ለልጆች ላይብረሪ መጣላቸው ብሎ ደስ ብሎታል፣ እሷና ጓደኞቿ ግን ቁጭ ብለው የልጆች ድረገፆችን አንድ በአንድ ሲያዩ ሌላ ነገር አገኙ። ድረገፆቹ ልጁን በጨዋታና በሽልማት እያባበሉ ስሙን፣ ኢሜይሉን፣ የሚወደውን ዕቃ ምናምን እየጠየቁት ነው፣ አንዳንዱ ጋ ልጁ ጥያቄ በመለሰ ቁጥር ነጥብ ያገኛል፣ በነጥቡ ደሞ ሽልማት ይወስዳል። ወላጅ የሚያውቀው ነገር የለም።

ይሄን ሪፖርት አድርገው አወጡት፣ ለአሜሪካ የንግድ ኮሚሽንም አቤት አሉ። ኮሚሽኑ በ1998 ራሱ 212 የልጆች ድረገፆችን ሲፈትሽ 89 በመቶዎቹ ከልጆች መረጃ ይሰበስባሉ፣ ወላጅ የሚቆጣጠርበት መንገድ ያላቸው ግን 10 በመቶ እንኳን አልሞሉም። እዛው ዓመት ጥቅምት ላይ ከተወሰነ ዕድሜ በታች ካለ ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ መረጃ መሰብሰብን የሚከለክለው፣ በምህፃረ ቃል ኮፓ የሚባለው ህግ ተፈረመ፣ በ2000 ሚያዝያ ስራ ላይ ዋለ።

ህጉን የገፋው ኤድዋርድ ማርኪ የሚባል የምክር ቤት አባል ሲጀምር የፈለገው 16 ነበር። ኢንተርኔት ላይ የሚነግዱት ድርጅቶች ተቃወሙ፣ የመብት ተከራካሪዎችም በሌላ ምክንያት ተቃወሙ፣ 15 ዓመት የሆናት ልጅ ስለ ጤናዋ ኢንተርኔት ላይ መጠየቅ ብትፈልግ ወላጅ ካልፈቀደ ልትከለከል ነው ወይ ብለው። እኔ በበኩሌ የሁለተኛዎቹ ስጋት ይገባኛል። በስተመጨረሻ 13 ላይ ተስማሙ። ማርኪ ራሱ ከብዙ ዓመት በኋላ ቁጥሩ በጣም ትንሽ እንደነበር፣ ያኔም እያወቀው ማግኘት የቻለው ግን ያን ብቻ እንደነበር በግልፅ ተናግሯል። ከዛ ወዲህ የመጡት አፖች የአሜሪካ ስለሆኑ ወይ አሜሪካ ውስጥ ስለሚሰሩ ይሄንኑ 13 ይዘውት ዓለምን አዳረሱ፣ እዚህ ድሬዳዋ ከዚራም ሳቢያንም ሰፈር ቁጭ ያለ ልጅ አሁን የሚያጋጥመው ያ ቁጥር ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ህጉ የሚያወራው ስለ መረጃ መሰብሰብ ነው። ማታ ከማያውቃት ሰው ሜሴጅ ስለሚመጣላት ልጅ፣ ፎቶ ላኪ እየተባለች ስለምትለመን ልጅ፣ ከዛም ፎቶውን ለቤተሰብሽ እልካለሁ እያለ ስለሚያስፈራራት ሰው አያወራም። ያኔ ፌስቡክ እንኳን አልተፈጠረም።

ይሄን ክፍተት የሞሉት ቀጥለው የመጡት ናቸው። ከነሱ ውስጥ ቢባን ኪድሮን የምትባለዋን እንግሊዛዊት ማንሳት ግድ ነው። ሙያዋ ፊልም ዳይሬክተር ነበር፣ ወጣቶች ኢንተርኔት ላይ እንዴት እንደሚኖሩ ዶክመንተሪ ስትሰራ ያየችው ነገር ስላላስተኛት ፋይቭ ራይትስ የሚባል ድርጅት አቋቋመች፣ የእንግሊዝ የላይኛው ምክር ቤት አባልም ስለሆነች እዛው ቁጭ ብላ ተከራከረች። የሷ ሀሳብ ቀለል ያለ ነው፣ ልጁን ብቻ ተጠንቀቅ እያላችሁ አትምከሩት፣ አፑን የሰራው ድርጅት ከመጀመሪያው ለልጅ እንዲሆን አድርጎ ይስራው። ይሄ በ2018ቱ የእንግሊዝ የዳታ ህግ ውስጥ ገባ፣ ዝርዝር ደንቡ ወጥቶ ድርጅቶቹ ከ2021 መስከረም ጀምሮ እንዲያከብሩት ተደረገ።

ታዲያ በ2021 ምን ሆነ? ጥር ላይ ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች ያሉትን አካውንቶች ሲጀመር ፕራይቬት አደረጋቸው፣ ሐምሌ ላይ ኢንስታግራም ተከተለ፣ ነሀሴ ላይ ዩቲዩብ ከ18 በታች ለሆኑት አውቶፕሌይን አጠፋ። ቀነ ገደቡ ሲደርስባቸው ነው እንግዲህ። ከዛም በኋላ አየርላንድ ያለው የዳታ ተቆጣጣሪ የልጆች አካውንት ለሁሉም ክፍት ሆኖ ይጀምር ነበር ከሚለው ጉዳይ ጋር በተያያዘ ኢንስታግራምን በ2022 405 ሚሊዮን ዩሮ፣ ቲክቶክን በ2023 345 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቷል። አውስትራሊያማ ከ2025 ታህሳስ ጀምሮ ከ16 በታች ያለ ልጅ ዋና ዋና ሶሻል ሚዲያዎች ላይ አካውንት እንዳይኖረው አድርጋለች። የልጆች ዲጂታል ደህንነት ተሟጋች የሚባለው ሙያ ይሄ ነው፣ ዓመታት ፈጅቶ አንድ ሴቲንግ የሚያስቀይር ስራ፣ ግን ያ ሴቲንግ የሚሊዮን ልጆች ስልክ ላይ ይቀየራል።

አሁን ወደኛ ልምጣ።

እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን የሚባለው ገበያ ስልክ ሱቅ ቁሙና አንዲት እናት ለልጇ ስልክ ስትገዛ እዩ። ስልኩ ተከፍሎበት አለቀ፣ እናትየው በዛው ቲክቶኩንም ጫንላት ትላለች፣ ሻጩም ጨዋ ልጅ ነው፣ መቼ ነው የተወለድሽው ይላታል፣ ልጅቷም ጥር 2003 ትለዋለች። እውነቷን ነው። እሱም ያን ቁጥር እያሽከረከረ 2003 ላይ ያቆመዋል፣ ቀጥል፣ አለቀ።

ጥር 2003 በኛ ማለት በፈረንጅ ጃንዋሪ 2011 ነው። ልጅቷ ዘንድሮ በ2018 ጥር ላይ 15 የሞላት ናት። አፑ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ስለሆነ የ23 ዓመት ሴት ናት ብሎ መዘገባት። ማንም አልዋሸም፣ ልጅቷም፣ እናቷም፣ ሻጩም። ነገር ግን እነዛ ሁሉ ሰዎች ዓመታት የታገሉበት ነገር እዛች ሱቅ ውስጥ በአንድ ደቂቃ ጠፋ፣ አካውንቷ ፕራይቬት ሆኖ መጀመር ነበረበት ፐብሊክ ሆነ፣ ቲክቶክ ላይ ከ16 በታች ስለሆነች ዳይሬክት ሜሴጅ መኖር አልነበረበትም ተከፈተ፣ ላይቭ ለ18 ዓመት ነው ተፈቀደላት፣ ከ13 እስከ 15 ላሉት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ኖቲፊኬሽን የሚያቆመው ነገር ለሷ አይሰራም።

የ10 ዓመት ልጅ ከሆነ ደሞ የባሰ ነው። በኛ በ2008 ጥር የተወለደ ልጅ 2008 ብሎ ቢሞላ 18 ዓመቱ ነው ማለት ነው፣ የ13ቱን ገደብ ሳያየው ያልፋል። ገደቡን ለማለፍ ልጆች እየዋሹ ነው የሚባለው ፈረንጆቹ ጋ ነው ዋናው ችግር፣ እኛ ጋ ልጁ እውነቱን ተናግሮም ያልፋል። በአማርኛ የሚከፈቱት አፖች እንኳን የሚጠይቁት በፈረንጅ ነው፣ ይሄን ማስተካከል ለነሱ ከባድ አይመስለኝም፣ ከቦታው ስር በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አንድ መስመር ቢፅፉ ብዙ ነገር ይቀየር ነበር። እዚህ ሀገር በዚህ ጉዳይ የሚሟገት ሰው መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ለኔ ይሄ ነው።

እስከዛው ግን ዛሬ ማታ የምታደርጉት ነገር አለ። ልጁ የተወለደው ከመስከረም እስከ ታህሳስ 22 ከሆነ የተወለደበት የኛ ዓመት ላይ 7 ደምሩ፣ ከታህሳስ 23 እስከ ጳጉሜ ከሆነ 8 (ታህሳስ 23 ነው መለያው፣ በአብዛኛው ዓመት ጃንዋሪ 1 የሚውለው ያን ቀን ነው)። ከዛ የልጁን ስልክ ይዛችሁ አብራችሁ ቁጭ በሉና ከጂሜይሉ ጀምሩ፣ ምክንያቱም ዩቲዩብ የሚያየው የጂሜይሉን ዕድሜ ነው፣ ከአካውንቱ ፐርሰናል ኢንፎ ውስጥ የልደት ቀኑ አለ። ኢንስታግራም ላይ አካውንትስ ሴንተር ውስጥ ታገኙታላችሁ። ቲክቶክ አንዴ ከተሞላ በቀላሉ አይቀየርም፣ ሪፖርት ኤ ፕሮብለም በሚለው በኩል መጠየቅ ነው፣ ካልሆነ አዲስ መክፈት። ልጆቹ ፎሎወሬ ይጠፋል ብለው ይጨቃጨቃሉ፣ ይገባኛል፣ ለነሱ ትልቅ ነገር ነው፣ አትቆጧቸው፣ ብቻ ቢያንስ አካውንቱን በእጃችሁ ፕራይቬት አድርጉት፣ ሜሴጁንም ለማንም እንዳይከፈት ዝጉት፣ ይሄ ዕድሜው ሳይስተካከልም ይሰራል። ስልክ ሱቅ ያላችሁ ወንድሞች ደሞ፣ እናንተ በቀን የምታገኙትን ልጅ አንድ ትምህርት ቤት በወር አያገኝም፣ ዓመቱን ስትጠይቁ በኛ ነው በፈረንጅ የምትል ቃል ጨምሩባት።

ችግር ደርሶ ከሆነ፣ ሰው ልጁን እያባበለ ፎቶ ከጠየቀ ወይ እያስፈራራ ከሆነ፣ ሜሴጁን አታጥፉት፣ ስክሪንሹት ይዛችሁ ወደ ፖሊስ ሂዱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ (958/2008፣ ይሄኛው በኛ ነው) ልጅን በሜሴጅ፣ በፎቶ ወይ በቪዲዮ ለወሲብ ማባበልን በፅኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል።

የቀረው ነገር የራሱ ስልክ የሌለው ልጅ ነው፣ እሱ ደሞ ሰፈራችን ውስጥ ብዙ ነው። ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ ትልልቆቹ ጋደም ሲሉ ልጆቹ የእናታቸውን ስልክ ይዘው ጥላ ስር ናቸው፣ አካውንቱ የእናትየው ስለሆነ ዕድሜው ትክክል ነው፣ የሚያየው ግን የ8 ዓመት ልጅ ነው፣ የልደት ቀን ገደብ እዚህ ጋ ምንም አይሰራም። ለዚህ ዩቲዩብም ቲክቶክም ላይ ሪስትሪክትድ ሞድ የሚባል አለ፣ ቲክቶኩ ላይ በፓስኮድ ይቆለፋል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ቪዲዮዎችን ሁሉ ያጣራል ብላችሁ ግን አትተማመኑበት፣ የዩቲዩብ ሂስትሪውን በየጊዜው ከፍታችሁ እዩ፣ ሂስትሪው ከተሰረዘ ደሞ ለምን እንደተሰረዘ ልጁን በእርጋታ ጠይቁት።