ቅርጫ፦ የበዓል በሬን አብሮ መግዛት

ቅርጫ ጎረቤት፣ ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ ገንዘብ አዋጥቶ በሬ የሚገዛበት፣ አርዶም እኩል የሚካፈልበት ልማድ ነው። ወቅቱ በዓል ነው፤ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የ55 ቀኑ ጾም የሚፈታበት ፋሲካ። ጉራጌ ዘንድ የመስቀል ቅርጫ ልዩ ቦታ አለው። ለዚሁ ሲል ዓመቱን ሙሉ ዕቁብ የሚጥልም አለ።

በሬ የሚመርጠው ከብት የሚያውቅ ሰው ነው። ከብት ተራ ወርዶ ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይዳብሳል፣ ከደላላው ጋር ይከራከራል። በሬው ሥጋ ካልያዘ ወቀሳው እሱ ላይ ነው።

አራጁ ብልት ካወጣ በኋላ እያንዳንዱ ብልት በሰው ቁጥር ይከፈላል። ጉበቱ፣ ጨጓራው፣ ጎድኑ፣ አጥንቱ ሳይቀር ለየመደቡ ይደርሳል። አንዱ መደብ ያነሰ ከመሰለ ከሌላው ቆንጠር ተደርጎ ይጨመርበታል። ከዚያ ዕጣ ነው። ሁሉም ጠጠር፣ ቁልፍ ወይም ቅጠል ይሰጣል፤ የማን እንደሆነ ያላየ ልጅ በየመደቡ ላይ ያስቀምጠዋል። ዕጣ ከወጣ በኋላ ማጉረምረም ነውር ነው።

ሥጋ ቤት ሄዶ የፈለጉትን ብልት ማስመዘን እየተቻለ ሰው ለምን አጥንትና ሆድ ዕቃ ይካፈላል? ዋጋው ረከስ ማለቱ አንድ ነገር ነው። ቆሞ የታየ በሬም ይታመናል። እኔ ግን ትልቁ ምክንያት ከሰው እኩል መሆን ይመስለኛል። «ዘንድሮ ቅርጫ ገባችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አልገባንም» ማለት የቤት አባወራን ያሸማቅቃል። ለዚህም መላ አለው፤ አቅም ያነሰው ግማሽ መደብ ይይዛል። ለጎደለበት ሰው እንዲህ ቦታ የሚተው ግዢ ብዙ አላውቅም።

ወሰንም አለው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ የየራሱን እርድ ስለሚበላ፣ ቡና አብረው የሚጠጡ ጎረቤታሞች እንኳ በቅርጫ ይለያያሉ። በግቢ የታረደ ከብት ደግሞ የሐኪም ምርመራ አያልፍም፤ ጥሬ ሥጋ ወዳጆችን ለኮሶ ትል ያጋልጣል።

ልማዱ ባሕርም ተሻግሯል። አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ከከተማ ወጥተው ከእርሻ ከብት ይገዙና ይካፈላሉ። እነሱ ድርሻቸውን ፍሪዘር ውስጥ ያስገባሉ፤ አገር ቤት የተረፈው ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ተቀብቶ ቋንጣ ይሰቀላል።