የፍርድ ቤት ሕንፃ ዕቅድ በደሴ ተዳፋት ላይ

ፍርድ ቤት ሲታቀድ መጀመሪያ የሚቆጠረው ዳኛ ሳይሆን የችሎት ሰዓት ነው። በሳምንት የሚያስፈልገው የክርክርና የምስክር መስሚያ ሰዓት ተደምሮ አንድ ችሎት በሳምንት ለሚያስችልበት ሰዓት ይካፈላል፤ ፍላጎቱ 140፣ የአንዱ አቅም 25 ሰዓት ቢሆን 6 ችሎት ያስፈልጋል። ሲያንስ ዳኛው ቢሮው ውስጥ ያስችላል። ከሳሽ፣ ተከሳሽና ምስክር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተደነገገው ግልጽ ችሎትም ታዳሚ የሚቀመጥበት ቦታ ያጣል።

ባለጉዳይ፣ ዳኛና ከማረሚያ ቤት የሚመጣ ተከሳሽ የየራሳቸው መንገድ ኖሯቸው ችሎት ውስጥ ብቻ መገናኘት አለባቸው። በአንድ ኮሪደር ካለፉ ምስክር ሊመሰክርበት ከመጣው ሰው ጋር ፊት ለፊት ይጋጠማል፤ የፈራ ምስክር ደግሞ ቃሉን ያጥፋል። ወጣት ጥፋተኞችም ከአዋቂዎች የተለየ ማቆያ ሊዘጋጅላቸው ግድ ነው።

ጦሳ ተራራ ሥር ባለችው ደሴ ተዳፋቱ እዚህ ላይ ትልቅ ውለታ ይውላል። የእስረኛ መኪና ከታችኛው መንገድ ይገባል፤ ሕዝቡ ከላይኛው መንገድ ያለ ደረጃ በቀጥታ ወደ ችሎቱ ወለል ይዘልቃል። ይህ ካልታሰበበት 3 ሜትር ከፍታ ለዊልቸር በ1 ለ12 ተዳፋት ማረፊያው ሳይቆጠር 36 ሜትር መወጣጫ ይጠይቃል።

መዝገብ ቤቱ ግን የተዳፋቱን አፈር ከሚይዘው ደጋፊ ግንብ መራቅ አለበት። በክረምት ከላይ የሚሰርገው ውኃ የግንቡ ማስወጫ ቀዳዳ ከተደፈነ ወደ ውስጥ ይመጣል። በታችኛው መደርደሪያ በሲባጎ የታሰረው ፋይል ጠርዙ ይሻግታል፣ ወረቀቱ ይጣበቃል፤ የአንድ ቤተሰብ የውርስ ማስረጃ በዚያው ሊጠፋ ይችላል። ፎቅ ላይ ማውጣትም አያዋጣም። በዓመት 3,000 መዝገብ ቢከፈትና እያንዳንዱ 2 ሴንቲ ሜትር ቢወፍር በ10 ዓመት 600 ሜትር መደርደሪያ ይሞላል። አንዱ ሜትር 40 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን አንድ ሜትር የሚረዝም ባለ 6 እርከን መደርደሪያ ግማሽ ካሬ ሜትር በማይሞላ ወለል ላይ 240 ኪሎ ያሳርፋል። ለተራ ቢሮ የተሰላ ሶሌታ (የፎቅ ኮንክሪት ወለል) ይህን አይችልም።

ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ በምትለው ኮምቦልቻ ስጋቱ ሙቀት ነው፤ ለችሎቱ ከፍ ያለ ጣሪያና ትይዩ መስኮት ያስፈልጋል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ባለበት ከተማ የሥራ ክርክርም በችሎት ሰዓት ትንበያው ውስጥ ይገባል።

ወደፊት ፎቅ የሚጨመር ከሆነ መሠረቱና ኮለኑ ከአሁኑ ለዚያ ይሰላሉ። ከጣሪያው በላይ የሚተወው ፌሮ ዝናብ ሲመታው ስለሚዝግ፣ ሥራው እስኪቀጥል በደካማ ኮንክሪት ይሸፈናል።