የመብራቱ ባለቤት ማን ነው? ስለ ግድቡ፣ ስለ ዜናው እና ስለ መብራታችን በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን መብራት ድርግም አለ። ሻማ እስኪመጣ ድረስ አንድ ወጣት "ግድቡ አልቆም እንዲህ ነው?" አለ። አጠገቡ የነበሩ ሽማግሌ "ተው ልጄ፣ እንዲህ አይባልም፣ ጠላት ደስ ይለዋል" አሉት። ልጁ ዝም አለ።

እኔ ቤቴ ከገባሁ በኋላም ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሁለቱም ከልባቸው ነው የተናገሩት። ግን ልጁ የሕዳሴው ግድብ ካለ መብራት አይጠፋም ብሎ ያምናል፤ ሽማግሌው ደግሞ መጠየቅ አገር መክዳት ይመስላቸዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። እንደነሱ ያሉ ሌሎችም አመለካከቶች አሉ፣ እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

"ቦንድ ገዝቻለሁ፣ ስለዚህ የግድቡ ባለአክሲዮን ነኝ"

እናቴ የቦንድ ወረቀቷን በፌስታል ጠቅልላ ከቤቱ ካርታ ጋር ነው የምታስቀምጠው። "የኔም ድርሻ አለበት" ትላለች። ደስ ይላል፤ ግን ቦንድ ድርሻ አይደለም። ቦንድ ብድር ነው። የገዛ ሰው ለመንግሥት አበደረ ማለት ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ገንዘቡ፣ ወለድ ካለውም ከነወለዱ፣ ይመለስለታል፣ በቃ። ትርፍ አይካፈልም፣ ቦርድ አይመርጥም፣ ስብሰባ አይጠራም። ለግድቡ ብለን በ8100 የላክነው የስልክ መልእክት ደግሞ ብድርም አይደለም፣ ስጦታ ነው።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ይሄን በግልጽ አይተውታል። ከ3,100 በላይ ሰዎች ከ2003 እስከ 2006 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወደ 5.8 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቦንድ ገዙ። ቦንዱ ግን በአገሩ ሕግ መሠረት አልተመዘገበም ነበር። በ2008 ዓ.ም. የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ተቆጣጣሪ ጉዳዩን ያዘውና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከሰበሰበው በላይ ማለት ነው። ያንን ገንዘብ ያዋጣው ሰው ፍቅሩ እውነተኛ ነበር። ሥራውን የሚመሩት ሰዎች ደግሞ ሕጉን አስቀድመው ማጣራት ነበረባቸው፤ ይሄን መናገር የማንንም ፍቅር አይቀንስም።

ታዲያ እናቴ ባለቤት አይደለችም? ናት። ባለቤትነቷ ግን ከወረቀቱ የመጣ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው ይላል። አንቀጽ 89 ደግሞ መንግሥት ይህን ሀብት የሚይዘው በሕዝብ ስም፣ ለሕዝብ የጋራ ጥቅም እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ አንድም ቦንድ ያልገዛ ሰው እኩል ባለቤት ነው። ለግድቡ ሲባል ግድቡ ከተሠራበት ከጉባ የተነሳው የጉሙዝ ገበሬም ባለቤት ነው። የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ሲመለስ ጭቃው ላይ ማሽላ ይዘራ የነበረው፣ ግልገል ጊቤ 3 ከተገደበ በኋላ ጎርፉ የቀረበት የዳሰነች ሰውም ባለቤት ነው። አንቀጽ 43 እንደነዚህ ያሉ ሰዎች በአካባቢያቸው ስለሚሠራ ፕሮጀክት ሐሳባቸውን እንዲጠየቁ መብት ይሰጣቸዋል። የኛን ቦንድ ስንቆጥር የነሱን መሬት ረስተናል፤ ይሄ እኔን ያሳፍረኛል።

"ከኛ መዋጮ ሌላ አምስት ሳንቲም አልገባበትም"

ምረቃው ሰሞን የአገር ውስጥ ሚዲያ እንደዘገበው ከወጪው 91 በመቶው የመጣው ከመንግሥት ባንክ ነው፤ ከሕዝብ በቦንድና በስጦታ የተሰበሰበው 9 በመቶ ነው። ከግድቡ ወደ አዲስ አበባ ኃይል የሚያመጣው መስመር ደግሞ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ የቻይና ብድር ነው የተሠራው። ይሄ ላባችንን አያሳንሰውም። የመንግሥት ባንክ ገንዘብስ የማን ነው? ደብተር ያለው ሁሉ ያስቀመጠው ነው። ስለዚህ ብድሩ እንዴት እንደሚመለስ የመጠየቅ መብታችን በ9 በመቶው ላይ ብቻ አያቆምም።

"ግድቡ ካለቀ መብራት መጥፋት የለበትም"

ይሄኛው የልጁ ጥያቄ ነው፣ እኔም ብዙ ጊዜ ያሰብኩት ነው። ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋይ ተጣለለት፣ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኃይል ሰጠ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ትልቅ ነገር ነው። ግን ይህ ኃይል ጉባ ላይ ነው ያለው። እናቴ ምጣድ ጋ እስኪደርስ በከፍተኛ መስመር መምጣት፣ በማከፋፈያ ጣቢያ መውረድ፣ በእንጨት ምሰሶ መጓዝ፣ በሰፈሩ ትራንስፎርመር ማለፍ አለበት። ጎተራው ሞልቶ ወፍጮው ከተሰበረ እንጀራ የለም።

የኛ ሰፈር ትራንስፎርመር ሲተከል ዙሪያውን የጭቃ ቤቶች ብቻ ነበሩ። አሁን አራትና አምስት ፎቅ ቤቶች ተሠርተዋል፣ ዳቦ ቤት ተከፍቷል፣ ሁሉም ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ አለው። ቅዳሜ ማታ አምፖሉ ሊጠፋ እንደ ደረሰ ፍም ይቀላል። እናቴ እንጀራ የምትጋግረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ ነው፣ ጎረቤት ሳይነሳ ምጣዱ እንዲሰማላት። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ማታ ትራንስፎርመሩ በኃይል ጮኸ፣ ሰማዩ ሰማያዊ ሆነ፣ ከዚያ ጨለማ። ጠዋት ስናይ ዘይቱ በምሰሶው ላይ ወርዶ መሬቱ ላይ ኩሬ ሠርቷል። ዘጠኝ ቀን ጠበቅን። በመጨረሻ ለመኪና ኪራይ እንድናዋጣ ተነገረን፤ አዋጣን። ደረሰኝ አልነበረውም።

እንግዲህ ይሄን ችግር ግድቡ ላይ ኃይል የሚያመነጨው ተርባይን አይፈታውም። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ደግሞ ጭራሽ መስመር አልደረሰውም፤ የኛ ዘጠኝ ቀን ለነሱ ዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህ ልጁ "ግድቡ አልቆም?" ከማለት ይልቅ "ለማመንጫ ስንት ወጣ፣ ለማከፋፈያስ ስንት ተመደበ?" ቢል መልስ የሚሰጠው ሰው ማምለጫ አይኖረውም።

"ሁሉንም የሚወስነው መብራት ኃይል ነው"

መብራት ኃይል የምንለው መሥሪያ ቤት በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በትልልቅ መስመሮች ያስተላልፋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ቤታችን ያደርሳል፣ ሒሳብ ይሰበስባል። ታሪፉን ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ይመረምራል፣ የሚያጸድቀው ግን መንግሥት ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት የሚቀጥለው ታሪፍ መስኮት ላይ የምትቀመጠው ልጅ ያመጣችው አይደለም። እሷ ላይ መጮህ ደግ አይደለም፣ ጥቅምም የለውም።

"ዜና ላይ ከቀረበ ተረጋግጧል ማለት ነው"

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ዋናው ሕመማችን ይሄ ይመስለኛል።

የግልገል ጊቤ 2 የኃይል ማመንጫ ጥር 2002 ዓ.ም. በድምቀት ተመረቀ። 26 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ዋሻ አለው፤ ኮንትራቱ ያለ ጨረታ ነበር የተሰጠው። ከምረቃው ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዋሻው ውስጥ ናዳ ወርዶ ጣቢያው ቆመ፣ ወራት ፈጀ። ምረቃውን ያየ ሁሉ ናዳውን አልሰማም።

የሕዳሴው ግድብም እንዲሁ ነው። ለዓመታት የምንሰማው መቶኛ ነበር። ይህን ያህል በመቶ ደረሰ፣ ይህን ያህል ጨመረ። በዚያው ጊዜ የብረታ ብረትና የተርባይን ተከላ ሥራውን የያዘው የመንግሥት ድርጅት ሜቴክ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው አንድም ተርባይን ሥራ እንዳልጀመረ በአደባባይ ተናገሩ፣ ኮንትራቱም ተነጠቀ። ያኔ ብዙዎቻችን ደነገጥን። መቶኛውን ሲያነብልን የነበረ ጋዜጠኛ አንድ ቀን እንኳን "ተርባይኑስ?" ብሎ አልጠየቀም ነበር። ከዚያ ኅዳር 2011 ዓ.ም. የሜቴክ ሰዎች ሲታሰሩ፣ ፍርድ ቤት ገና ምንም ሳይል፣ በመንግሥት ቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም ቀረበባቸው። ትናንት ያወደሰው ጣቢያ ዛሬ ወቀሰ። በሁለቱም ቀን የተከተለው ሥልጣን የያዘውን ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር ይሄ ከሕጉ ጋር እንደሚጋጭ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ ወይም ቁጥጥር ሥር ያለ ሚዲያ የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ ይመራል ይላል። ጣቢያውም የኛው ንብረት ነው፣ ልክ እንደ ግድቡ።

የግል ሚዲያና ማኅበራዊ ሚዲያስ? እዛም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። "ግድቡ ተሰነጠቀ" የሚል ቪዲዮ ስንት ጊዜ ደረሳችሁ? የመንግሥትን ዜና አላመንኩም ብሎ ያንን ማመን ከአንዱ ጉድጓድ ወጥቶ ሌላው ውስጥ መግባት ነው።

"የሚጠይቅ ሰው ለግብፅ ነው የሚሠራው"

የሽማግሌው ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም። ግንቦት 2005 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የግብፅ ፖለቲከኞች ከፕሬዚዳንት ሙርሲ ጋር ተቀምጠው ግድቡን እንዴት እንደሚያደናቅፉ ሲመክሩ በቀጥታ ስርጭት ተላልፏል። ብዙዎቹ ካሜራው እንደሚያስተላልፍ አላወቁም ነበር። አንዱ አማፂያንን እንርዳ አለ፣ ሌላው የጦር አውሮፕላን ሊገዛ ነው ተብሎ ወሬ ይነዛ አለ። ያንን የሰማ ሰው ቢጠነቀቅ አይፈረድበትም።

ነገር ግን አስቡት። ግብፅን የሚጠቅማት የቱ ነው? ሜቴክ ተርባይን ሳይተክል ዓመታት ሲያልፉ ዝም ማለታችን ነው ወይስ መጠየቃችን? ያኔ አስቀድሞ የጠየቀ መሐንዲስ ቢደመጥ ኖሮ ግድቡ ቶሎ ባለቀ ነበር። ግድቡ ይገባናል ማለትና ሒሳቡን አሳዩን ማለት አብረው የሚሄዱ ነገሮች ናቸው። ቤት የሚያሠራ ሰው ግንበኛውን ቢጠይቀው ቤቱን ጠላ አይባልም።

"ለጎረቤት የሚሸጠው ከኛ ተቀንሶ ነው"

ግማሽ እውነት አለው። ለጅቡቲ፣ ለሱዳን፣ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለኬንያ እንሸጣለን። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ የሚገባው መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሽያጩ ቢቆም ያ ኃይል ነገ ጠዋት ገጠር አይገባም፣ መስመሩ የለማ። የውጭ ምንዛሪውም ያስፈልጋል። ቢትኮይን የሚባለውን የኢንተርኔት ገንዘብ በኮምፒውተር የሚያመርቱ ድርጅቶች ግን እዚሁ አገር ውስጥ ገብተው፣ ማሽናቸውን ከማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ ተክለው ብዙ ኃይል ይወስዳሉ። እነሱ በስንት ይገዛሉ፣ ውሉ ስንት ዓመት ነው፣ የተገኘው ዶላር ለመስመር ዝርጋታ ይውላል ወይ? እነዚህ የባለቤት ጥያቄዎች ናቸው፤ ሙሉ መልስ በአደባባይ ሊሰጣቸው ይገባል።

"ብጠይቅም መብት የለኝም፣ የሚሰማኝም የለም"

መብቱ አለ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ ያለ መረጃ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ጥያቄው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ይቀርባል፤ በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል። በ30 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጥ ይገባል፣ ከተከለከለም ምክንያቱ ይነገራል። የአገር ደኅንነትና የንግድ ምስጢርን የመሳሰሉ ገደቦች አሉት፣ ትራንስፎርመር ግን የአገር ምስጢር አይደለም። መልስ ከጠፋ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ይኬዳል።

እኛ ሰፈር ሦስት ጥያቄ ጻፍን። ትራንስፎርመሩ ስንት ቤት እንዲይዝ ነው የተተከለው? አሁን ስንት ቆጣሪ አለበት? ለመኪና ኪራይ የከፈልነው በየትኛው ደንብ ነው? አሥራ አራት ሰው ፈረመ፣ እናቴ ሁለተኛዋ ናት። ማክሰኞ አስገባን፣ ኮፒው ላይ ማኅተም አስመታን። ሠላሳኛው ቀን የሚሞላበትን ቀን የቆጣሪው ሳጥን ክዳን ላይ በማርከር ጽፌዋለሁ።